በጠባብ ዘመን የሚቆም የንግድ ዳስ
ስለ ጐንደር የንግድ ትርኢትና ስለ ደጋው አገር ምርት

ገበያ በቀዘቀዘ ጊዜ ነጋዴም ሆነ ሹም አስቀድሞ የሚቈርጠው ወጪ ዕቃውን በሰው ዓይን ፊት ለማቅረብ የሚያወጣውን ነው። የዘርና የማዳበሪያ ወጪ ቢጐድል ጕዳቱ በዚያው ዓመት በማሳው ላይ ይታያል፤ የማሳያው ወጪ ቢቀር ግን ጕዳቱ ዘግይቶ ስለሚመጣ ማንም ልብ አይለውም። በጐንደር ከተማ በበዓላት ሰሞን በሚቆመው ባዛርና የንግድ ትርኢት ላይ የደጋው ወረዳዎች ዳስ ይትከሉ ወይስ ይቅር የሚል ነገር በየጽሕፈት ቤቱ በተነሣ ጊዜ ይኸው ሐሳብ ይከተለዋል። ዳሱ እንደ ጌጥ ይቈጠራል፤ ጌጥም በችግር ዘመን ይወልቃል።

ይህን የሚያስቡ ሰዎች ያለ ምክንያት አላሰቡትም። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት በነሐሴ እስከ ዳባት ወረዳ ደርሶ ገበሬውን ከአዝመራው ለየው። በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ቢፈረምም፣ ስድስት ወር ሳይሞላ በሚያዝያ 7 ቀን በሱዳን የተነሣው ጦርነት የመተማን በር ንግድ አወከ፤ በሐምሌ 28 ቀንም በአማራ ክልል ስለ ተነሣው ግጭት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን በጃን አሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ዝናብ ጠፍቶ ሕዝቡ ተራበ። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ይህ ሁሉ በአራት ዓመት ውስጥ በአንድ አገር ላይ ሲወርድ፣ ሹሙ ለዳስ ኪራይ ገንዘብ አልሰጥም ቢል የሚፈርድበት ሰው አይገኝም።

ነገር ግን የብሩ መውደቅ ሁለት ፊት አለው። ከውጭ የሚመጣውን ማዳበሪያ ያስወደደው ይኸው ነገር፣ ከውጭ ሲመጣ የነበረውን ዕቃ በአገር ውስጥ ምርት ለመተካት የሚፈልገውን ገዢ አብዝቷል። የኢትዮጵያ ቢራ ጠማቂዎች ከሚያስፈልጋቸው ብቅል ብዙውን ክፍል ለረጅም ዘመን ከውጭ አገር ሲያስመጡ ኖረዋል። በጐንደር ከተማ የዳሽን ቢራ ፋብሪካ በ1992 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ኋላም የብቅል ፋብሪካ ቆሟል። የወገራ፣ የዳባትና የደባርቅ ገብስ የሚበቅለው ከዚህ ፋብሪካ በ100 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ነው። እንግዲህ ገዢው ቅርብ፣ ዕቃውም ቅርብ ሆኖ ሳለ የሚጐድለው ነገር አንዱ ሌላውን ማየቱ ነው። ነጭ ሽንኩርቱም፣ ድንቹም፣ ማሩም፣ ባናውም ነገሩ እንደዚሁ ነው።

የጐንደር ሰው ዕቃን ለዓይን የማቅረብን ጥበብ ከፈረንጅ የሚማረው አይደለም። ከተማው በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ በ1628 ዓ.ም. ገደማ፣ ከተቈረቈረ በኋላ ከምጽዋ፣ ከስናርና ከጣና ማዶ የሚመጡ የነጋዴ ጓዞች የሚገናኙበት ሆኖ ኖሯል። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማውን አቃጠሉ፤ በጥር ወር 1880 ዓ.ም. ደግሞ ድርቡሾች ገብተው አጠፉት፤ ወዲያውም ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ ተከተለ። ከዚህ ሁሉ ጥፋት በኋላ የተረፈው ሥርዐት ዛሬ በቅዳሜ ገበያ ይታያል። እህሉ በእህል ተራ፣ በርበሬው በበርበሬ ተራ፣ ሸማው በሸማ ተራ ይቀመጣል። እንግዳ የሆነ ገዢ መሪ ሳያስፈልገው የሚሻውን ያገኛል፤ አሥር ሻጭ ጐን ለጐን ስለ ተቀመጠም ዋጋውንና ጥራቱን በአንድ መራመጃ ያመዛዝናል።

ገዢው በእህል ተራ የሚያደርገውን ልብ ብሎ ላየ ሰው የዳስ አሠራር ትምህርት ከዚያው ይገኛል። መጀመሪያ ከሩቅ ቀለሙን ያያል። ቀጥሎ እጁን ወደ ጆንያው ውስጥ እስከ ክንዱ ሰዶ ከሥር ያለውን ይዘግናል፤ ከላይ የተደረገው ከታች ካለው ጋር አንድ መሆኑን ሊያውቅ ነውና። በመዳፉ ላይ አድርጎ እፍ ይልና ገለባውን ያያል፤ አንዲት ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ ደረቅነቱን ይፈትናል። ከዚህ በኋላ ነው ስለ ዋጋ የሚናገረው። ይህን አራት ነገር የሚከለክል ዳስ፣ ምንም ያህል በሐርና በሥዕል ቢያጌጥ፣ ለእህል ሻጭ አይረባም። በየትርኢቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው እህል በመስታወት ዕቃ ተከድኖ፣ ጽሑፍ ተለጥፎበት፣ እንደ ሙዚየም ዕቃ ከሩቅ ሲታይ ነው። ገዢው አይቶ ያደንቃል፤ አድንቆም ያልፋል።

በችግር ዘመን ስለ ቆሙ ትርኢቶች የሌላው ዓለም ታሪክ ሁለት ተቃራኒ ምሳሌ ይሰጣል። በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቬና እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በግንቦት 1 ቀን 1873 ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ተከፈተ። በዘመኑ በዓለም ላይ ተወዳዳሪ ያልነበረው ሮቱንዳ የተባለ ትልቅ ጕልላት ተሠርቶለት ነበር። በተከፈተ በዘጠነኛው ቀን የከተማው የአክሲዮን ገበያ ወደቀ፤ በክረምቱም የኮሌራ በሽታ ገባ። ሃያ ሚሊዮን ሰው ይመጣል ተብሎ የታሰበለት ትርኢት ከ7 ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጥ ሰው ብቻ አይቶት ለመንግሥቱ ከፍ ያለ ኪሣራ ትቶ ተዘጋ። ገንዘቡ አስቀድሞ በድንጋይና በብረት ላይ ፈስሶ ስለ ነበር፣ ነገሩ ሲበላሽ የሚመለስ አልነበረም።

በአሜሪካ በሺካጎ ከተማ የሆነው ግን ሌላ ነው። የትርኢቱ አዘጋጆች የ10 ሚሊዮን ዶላር የብድር ሰነድ ያወጡት በጥቅምት 28 ቀን 1929፣ ይኸውም የኒው ዮርክ ገበያ ከወደቀበት ቀን በዋዜማው ነው። ሥራውን ለመተው ከዚህ የበለጠ ምክንያት ያገኘ ሰው የለም። እነርሱ ግን አሳባቸውን አልለወጡም፤ አሠራራቸውን ለወጡ። እንደ ቤተ መንግሥት ያለ የድንጋይ ሕንጻ ትተው በቀላል የብረት ማገር ላይ ስስ ሳንቃና የጂፕስ ሰሌዳ አለበሱ። አብዛኞቹ አዳራሾች መስኮት አልነበራቸውም፤ በኤሌክትሪክ መብራት ብቻ ይበሩ ነበር። የቅርጻ ቅርጹን ጌጥ በደማቅ ቀለም ተኩት፤ ቀለም ከድንጋይ ጠራቢ ይረክሳልና። ትርኢቱ በ1933 ተከፍቶ ስለ ተሳካ በ1934 ተደገመ፤ በሁለቱ ዓመት ከ38 ሚሊዮን ሰው በላይ ጐበኘው፤ ብድሩም ተጠናቅቆ ተከፈለ። በዚያ ስፍራ ሕዝብ ከተሰበሰበባቸው ነገሮች አንዱ የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ አዳራሽ ነበር። ኩባንያው ያለቀ አውቶሞቢል ደርድሮ አልተቀመጠም፤ ሠራተኞች መኪናውን ሲገጣጥሙ ሕዝቡ ከላይ ቆሞ እንዲያይ አደረገ። ሰው ያለቀ ዕቃ አይቶ ሊጠረጥር ይችላል፤ በዓይኑ ፊት ሲሠራ ያየውን ግን ለቤተ ሰቡ ሄዶ ይተርካል።

(በኢትዮጵያም በ1948 ዓ.ም. የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የብር ኢዮቤልዩ በዓል ሲከበር በአዲስ አበባ ታላቅ ኤግዚቢሽን ቆሞ ነበር። ነገር ግን የክብረ በዓል ትርኢት ዓላማው ሌላ ስለ ሆነ ለወረዳ ዳስ መለኪያ አይሆንም። ብዙ ሹማምንት የሚሳሳቱት ይህን ሁለቱን በመቀላቀል ነው።)

ሦስተኛው ምሳሌ ከጀርመን አገር፣ ከላይፕሲክ ከተማ ነው። በዚያ ነጋዴዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው እየመጡ በስፍራው ይሸጡ ነበር። የባቡር መንገድና ፋብሪካ ከተስፋፋ በኋላ ግን በ1895 ሥርዐቱ ተለውጦ የናሙና ትርኢት ሆነ፤ ይኸውም ነጋዴው ከየዓይነቱ አንድ አንድ ብቻ ይዞ መጥቶ ትእዛዝ ይቀበላል፣ ዕቃውን በኋላ ይልካል። በኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የምርት ገበያ ድርጅት የመተማንና የሑመራን ሰሊጥ የሚያገበያየው በዚሁ መሠረት ነው፤ ከጭነቱ ናሙና ተወስዶ ደረጃ ይወጣለታል፣ ገዢው ጆንያውን ሳያይ በደረጃው ይገዛል። መንገድ በተዘጋና የጭነት ዋጋ በናረ ዘመን ለደጋው ወረዳ የሚሻለው ይህ ነው። 50 ኩንታል ገብስ ከደባርቅ አስጭኖ ጐንደር ላይ ሳይሸጥ የቀረ እንደ ሆነ መመለሻው ሌላ ዕዳ ነው። 20 ኪሎ ናሙና ግን በሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ላይ ተጭኖ ይመጣል፤ ባይሸጥም የከሰረ የለም።

የሚታየውን ነገር ሰው ራሱ ካላሳየ ሌላው በራሱ ፈቃድ እንደሚያሳየው ጐንደር ምስክር አላት። ኢጣልያ ኢትዮጵያን በያዘችበት ዘመን፣ በ1940 በግንቦት ወር እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር፣ በናፖሊ ከተማ የባሕር ማዶ ግዛቶች ትርኢት ተብሎ ሲከፈት የጐንደሩ የፋሲል ጥምቀተ ባሕር አምሳል ከነኩሬው ተሠርቶ ቆመ። ከምሥራቅ አፍሪካ የተወሰዱ ሰዎችም እንደ ዕቃ ለተመልካች ቀረቡ። ትርኢቱ አንድ ወር ያህል ቆይቶ ኢጣልያ ወደ ጦርነቱ ስለ ገባች ተዘጋ፤ ሰዎቹ ግን ወደ አገራቸው መመለሻ አጥተው በዚያው ተጋዙ፤ ከእነርሱም ጥቂቶቹ አምልጠው ከኢጣልያ አርበኞች ጋር በፋሺስቶች ላይ ተዋግተዋል። ያ ሕንጻ እስከ ዛሬ በናፖሊ ይታያል። የጐንደር ጥበብ በዚያ የቆመው የጐንደርን ሰው ሊጠቅም አልነበረም።

አሁን ወደ ዳሱ አሠራር እንመለስ። በባዛር የሚከራየው ስፍራ ብዙ ጊዜ 3 ሜትር በ3 ሜትር ነው። ይህ ጠባብ አይደለም፤ ጠባብ የሚያደርገው በውስጡ የሚከማቸው ነው። ጠረጴዛውን በደጁ ላይ እንደ ኬላ አግድሞ፣ ከኋላው ሦስት ሰው አስቀምጦ ስልክ የሚያስነካካ ዳስ ገዢውን ከውጭ ያስቆመዋል። ጠረጴዛው በግራና በቀኝ ግድግዳ ይጠጋ፤ መካከሉ ክፍት ይሁን፤ ሰው ይግባ። ሻጩ ይቁም እንጂ አይቀመጥ። ለምሰሶው ባሕር ዛፍ፣ ለወለሉ ሰሌን፣ ለመቀመጫው አጐዛ በቂ ነው፤ እነዚህም ከትርኢቱ በኋላ ታስረው ለከርሞ ይቀመጣሉ። ለጣራውና ለግድግዳው የሚሆነው ሸራ ግን ነጭ መሆን አለበት። በሰማያዊ ሸራ ሥር ነጭ ጤፍ ሰማያዊ መስሎ ይታያል፤ በቀይ ሸራ ሥር ማኛው ከሰርገኛው አይለይም። የዚህን ምክንያት ሳያውቁ ስንት መልካም ጤፍ ይዘው የመጡ ሻጮች ገዢ እንዳጡ መቍጠር አይቻልም።

በግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ጽሑፍ ነገር ሌላ ነው። በአሁኑ ልማድ ከሁሉ በላይ በትልቅ ፊደል የሚጻፈው የመሥሪያ ቤቱ ስም ነው፤ ከሥሩ የሹማምንት ፎቶግራፍ ይደረደራል፤ የዕቃው ስም በመጨረሻ በትንሽ ፊደል ይመጣል፣ አንዳንዴም ይረሳል። ገዢ ግን የሚፈልገው ገብስ ነው። በትልቅ ፊደል «የወገራ የብቅል ገብስ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ከሥሩም ስንት ኩንታል እንዳለ፣ በየትኛው ወር እንደሚደርስ፣ ዋጋው እስከ ስንት ቀን የጸና እንደ ሆነ ቢገለጥ፣ ሰውየው የሚጠይቀውን አውቆ ይጠይቃል። ዋጋ በየሳምንቱ በሚለዋወጥበት ዘመን ቀን ያልተጻፈበት ዋጋ የጠብ መነሻ ነው።

በዳሱ ውስጥ ብዙ ዓይነት መደርደርም ጥቅም የለውም። ስለ ብቅል ገብስ እንደ ሆነ፣ ፋብሪካው የሚፈልገው ነገር የታወቀ ነው፤ ዘሩ ያልተቀላቀለ፣ ፍሬው እኩል የሆነ፣ የደረቀ፣ ፕሮቲኑ ያልበዛ፣ ከሁሉም በላይ ከ100 ፍሬ 95ቱ ወይም ከዚያ የሚበልጠው የሚበቅል እንዲሆን ነው። ይህን የመጨረሻውን ለማሳየት መሣሪያ አያስፈልግም። 100 ፍሬ ቈጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ላይ በትኖ ሦስት ቀን ማቈየትና የበቀለውን ከነጨርቁ በሰፌድ ላይ አድርጎ በጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ነው። ከጐኑ የገብሱ ነዶ፣ በእንቅብ ፍሬው፣ በሌላው እንቅብ የደረቀው ብቅል ቢቀመጥ፣ ማንበብ የማይችልም ሰው ነገሩን ከመነሻው እስከ መድረሻው ያየዋል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ያሻዋል፤ አዲስ የታጨደ ገብስ ለጥቂት ሳምንታት እንቅልፍ ስላለበት ሕያው ሆኖ ሳለ ሳይበቅል ይቀራል። ስለዚህ በጥር ለጥምቀት የሚታየው ገብስ በታኅሣሥ በቤት ይፈተን፤ በሕዝብ ፊት 60 ብቻ በቅሎ ከመታየቱ ጨርሶ ባይታይ ይሻላል።

የዳባትና የደባርቅ ድንች በብርሃን ላይ ከዋለ አረንጓዴ ይሆንና ይመራል፤ ስለዚህ ናሙናው በየቀኑ ይለወጥ፣ ሌላው በጆንያ ተከድኖ በጥላ ይቈይ። የደጋ ማር በብርድ ሲረጋ የከተማ ሰው ስኳር የተቀላቀለበት ይመስለዋል፤ አንዱን የረጋ፣ አንዱን በሙቅ ውኃ ላይ ቀስ ብሎ የቀለጠ አድርጎ ጐን ለጐን ማስቀመጥ ከብዙ ክርክር ያድናል። ነጭ ሽንኩርቱ ከነግንዱ ተጐንጕኖ ይሰቀል። ባናውን ሰው ይዳስሰው፤ የምትፈትል ሴትም እንዝርቷን ይዛ በዳሱ ደጅ ብትሠራ ከማናቸውም የድምፅ ማጉያ ይልቅ ሰው ትሰበስባለች። በነገራችን ላይ፣ በባዛር ውስጥ ከጧት እስከ ማታ የሚጮኸው የሙዚቃ ድምፅ ሰው እንዲነጋገር የሚፈቅድ አይደለምና፣ ስፍራ በሚመረጥበት ጊዜ ከማጉያው የራቀውን መጠየቅ ብልህነት ነው።

በዳሱ የሚቆመው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ከወረዳ ስምንት ሠራተኛ በውሎ አበል ይመጣል፤ ገበሬው አንድ ነው፤ እርሱም ሹማምንት በሚጐበኙበት ሰዓት ብቻ ይፈለጋል። አበሉን ለደመረ ሰው ከዳሱ ኪራይ የበለጠው ወጪ ይኸው እንደ ሆነ ይገለጥለታል። ሁለት ገበሬዎች፣ ከእነርሱም አንዷ ሴት ብትሆን፣ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊም ቢጨመር ለአንድ ዳስ ይበቃል። ገበሬው የራሱን ገብስ ጠባይ ያውቃል፤ ሲጠየቅም አያቅማማም። ጸሐፊው የገዢውን ስም፣ የሚፈልገውን ዓይነትና መጠን፣ የሚረከብበትን ቀን በመዝገብ ይጽፋል። የወገራ፣ የዳባትና የደባርቅ ወረዳዎች የሚያሳዩት ዕቃ አንድ ዓይነት ስለ ሆነ ሦስት ዳስ ከማቆም አንድ ዳስ ተከራይተው ወጪውን ቢካፈሉ የሚከለክላቸው ነገር የለም፤ ከሚያስቸግር አንድ ነገር በቀር፤ እርሱም የማን ስም ይቅደም የሚል ክርክር ነው። ከላይ እንደ ተባለው የዕቃው ስም ቢቀድም ይህም ክርክር ይቀራል።

ሁለት ነገር ግን ከወጪና ከጌጥ ሁሉ የበለጠ ክብደት አላቸው። አንደኛው ናሙናው ከማን እጅ መጣ የሚለው ነው። ለትርኢት የሚወሰደው እህል፣ ማርና በግ ያለ ክፍያ በመዋጮ ስም ከገበሬ ሲሰበሰብ፣ ገበሬው ትርኢቱን እንደ አንድ ተጨማሪ ግብር ይቈጥረዋል። ዝናብ በጐደለበት ቤት 10 ኪሎ ገብስ ትንሽ ነገር አይደለም። የተወሰደው ሁሉ ተመዝኖ፣ ተመዝግቦ፣ በገበያ ዋጋ ይከፈልበት፤ ክፍያውም በቴሌብር ወይም በእጅ፣ ትርኢቱ ከመከፈቱ በፊት ይድረሰው።

ሁለተኛው ትእዛዝ ነው። በዳሱ ፊት የቆመ ሰው 200 ኩንታል አቅርቡልኝ ሲል፣ ለሪፖርት ያማረ ቍጥር ለማግኘት እሺ ማለት ቀላል ነው። ላያዘልቅ ጸሎት ለቅስፈት እንደሚባለው፣ በየካቲት ዕቃው ሳይደርስ ሲቀር ገዢው በወረዳው ብቻ ሳይሆን በደጋው ገብስ ሁሉ ላይ እምነቱን ያነሣል፤ ፋብሪካውም ፊቱን ወደ አርሲና ወደ ባሌ ይመልሳል። ስለዚህ ማኅበሩ በጐተራው ያለውን ከትርኢቱ በፊት ለክቶ ይወቅ፤ ካለውም ከሦስት እጅ ሁለቱን ብቻ ይዋዋል፤ ቀሪው መንገድ ለሚዘጋበትና ነቀዝ ለሚበላበት ይቀመጥ። በውሉም ላይ መንገድ በተዘጋ ጊዜ የመረከቢያው ቀን እንዴት እንደሚተላለፍ ይጻፍ። በትርኢቱ መዝጊያ ስለ ጐብኚ ብዛት ሪፖርት ከሚጻፍ፣ ከሦስት ወር በኋላ ከተመዘገበው ትእዛዝ ስንቱ እንደ ደረሰና ስንቱ ገንዘብ እንደ ተከፈለ ቢጻፍ ለዞኑም ለወረዳውም ይጠቅማል።

ይህን ሁሉ በጥር ወር መጀመር አይቻልም። ለጥምቀት የሚታየው የብቅል ገብስ በኅዳር፣ ገና በአውድማ ላይ ሳለ፣ ከቤት ገብሱ ተለይቶ መወቃትና በተለየ ጆንያ መግባት አለበት። በጐተራ ከተደባለቀ በኋላ ማንም ሰው በእጁ ለቅሞ ሊለየው አይችልም።